አባት በካሴት፣ ልጅ በስልክ፦ የሙዚቃ ጆሯችን በስንት ዓመታችን ይቃኛል?

«ዘፈንስ ድሮ ቀረ» የማይባልበት ቤት የለም። ልጆቹ በበኩላቸው የአባታቸው ዘፈን መግቢያው እንኳ ሳያልቅ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ። ክርክሩ ሲጦፍ ጉዳዩ የጥራት ይመስላል። ለአንዱ የድሮው ግጥም ነበረው፣ የዛሬው ጩኸት ነው፤ ለሌላው የድሮው ያስተኛል፣ የዛሬው ሕይወት አለው። ስለ ጥራት ከመከራከር በፊት ግን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ሰሚው ያንን ዘፈን መጀመሪያ የሰማው በስንት ዓመቱ ነው? በምን መሣሪያስ ነው የሰማው? የኢትዮጵያ ትውልዶች የሙዚቃ ምርጫ እንዲህ የተራራቀበት ዋናው ምክንያት ያለው በእነዚህ ሁለት መልሶች ውስጥ ነው።

ከ14 እስከ 24

እ.ኤ.አ. በ1989 ሞሪስ ሆልብሩክ እና ሮበርት ሺንድለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አጥኚዎች ከ16 እስከ 86 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 108 ሰዎችን ሰብስበው፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1986 ተወዳጅ ከነበሩ ዘፈኖች 28ቱን እየቀነጨቡ አሰሟቸው። ሰዎቹ ለእያንዳንዱ ዘፈን ምን ያህል እንደወደዱት ነጥብ ሰጡ። ነጥቡ ዘፈኑ ሲወጣ ሰሚው ከነበረበት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ኮረብታ ሠራ፤ ጫፉም 23 ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ሆነ። ከመወለዳቸው በፊት የወጣውንም፣ ከጎለመሱ በኋላ የመጣውንም ከዚያ ዝቅ አድርገው ነው የመዘኑት።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሴዝ ስቲቨንስ-ዳቪዶዊትዝ የተባለ የመረጃ ተንታኝ የስፖቲፋይን የአድማጭ መረጃ ለኒውዮርክ ታይምስ ሲመረምር ዕድሜው ወደ ታች ወረደ። ወንዶች ካደጉም በኋላ ደጋግመው የሚያዳምጡት በአማካይ በ14 ዓመታቸው የወጡትን ዘፈኖች ሆኖ ተገኘ፤ ሴቶች ደግሞ በ13። ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም የለኩት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው «ይህን ትወደዋለህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁለተኛው ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚከፍት ቆጠረ። አንድ ላይ ሲነበቡ ጆሮ የሚቃኝበትን ዘመን ያሳዩናል፤ ከ14 እስከ 24 ዓመት ገደማ።

ለምን በዚያ ዕድሜ? አንደኛው ምክንያት ተራ ነው፤ ጊዜ አለ። የ16 ዓመት ልጅ አንድን ዘፈን በሳምንት 40 ጊዜ ሊሰማ ይችላል፤ ሁለት ልጆች ያሏት የ38 ዓመት ሠራተኛ ግን አትችልም። ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር እየወደደው እንደሚሄድ ደግሞ ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳየ ወዲህ በብዙ ሙከራ ተረጋግጧል። ሁለተኛው ምክንያት ጓደኛ ነው። በዚያ ዕድሜ የምንሰማው ዘፈን የማን ወገን እንደሆንን ይናገራል። ሦስተኛው ትዝታ ነው። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የማትሪክ ውጤት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ፣ ከቤት መውጣት፣ የመጀመሪያ ደመወዝ ሁሉ በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ ይታጨቃል። ያን ጊዜ በሬዲዮ የነበረ ዘፈን ከዚያ ሁሉ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ከ30 ዓመት በኋላም ሲከፈት ያንን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የ20 ዓመት ልጅ እዚያው ዘፈን ውስጥ የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ ነው። ስለዚህ አባት «ስማ እስቲ ይህን!» ሲል ልጁ የማይሰማው ነገር በእርግጥ አለ፤ የልጁ ጆሮ ግን አልደነቆረም።

ሸክላ፣ ካሴት፣ ስልክ

እስካሁን ያለው በየትኛውም አገር ይሠራል። የኛን አገር ልዩ የሚያደርገው እያንዳንዱ ትውልድ እዚያ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ሙዚቃው የሚመጣበት መንገድ ከሥሩ ተለውጦ መገኘቱ ነው።

ዛሬ 75 ዓመት የሞላቸውን ሰው እንውሰድ። በ1943 ተወልደው ጆሯቸው የተቃኘው ከ1957 እስከ 1967 ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሙዚቃ ማለት የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ነበር፤ ጡሩምባና ሳክስፎን የተሰለፈበት፣ ድምፃዊው ፊት ለፊት የቆመበት። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ቢሆንም ወጣቱ አምኃ እሸቴ በ1961 ያንን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ባሉት 10 ያህል ዓመታት ውስጥ የታተመው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሸክላ በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጋ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሙሉቀን መለሰ ያሉበት፣ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ክምችት ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። በሸክላው አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል ነውና ዘፈኑ በዚያው ልክ ተሠራ። ሁለተኛው ይበልጥ የሚዘነጋ ነው። ዛሬ በሬዲዮ የምንሰማው የዚያ ዘመን ዘፈን 50 ዓመት ሲበጠር ቆይቶ የተረፈው ነው። ያልወደድነው፣ የተረሳው፣ ደካማው አልፏል። የዛሬውን ግን ገና ሳይበጠር ከነገለባው እንሰማዋለን። «የድሮ ዘፈን ሁሉ ጥሩ ነበር» የሚለው ስሜት አብዛኛው ክፍሉ ከዚህ የሚመጣ ነው ብለን እናምናለን። በዘመናቸው እነዚያው ድምፃውያን በትልልቆቹ ዘንድ ፈረንጅ የመሰሉ ጎረምሶች ተብለው ይታሙ እንደነበር መዘንጋትም አይገባም፤ ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን 55 ዓመት የሆናቸው ደግሞ ጆሯቸው የተቃኘው ከ1977 እስከ 1987 ነው። ከ1966 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት መድረክ ቆርጦት ነበር። አንዳንዶቹ ክበቦች የገባውን ሰው ይዘው በሩን ዘግተው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን ሙዚቃን በቤቱ ሆኖ በካሴት መስማት ጀመረ። ትልቅ ባንድ ማኖር ከባድ ሆነ፤ የጡሩምባዎቹን ቦታ ቀስ በቀስ ኪቦርድ ያዘው። ሮሃ ባንድ ያጀባቸው ብዙ ካሴቶች፣ የኤፍሬም ታምሩ፣ የነዋይ ደበበ፣ የአስቴር አወቀ ድምፅ የዚህ ትውልድ ነው።

ካሴት ጆሮን የሚያሠለጥንበት መንገድ የራሱ ነበር። አንድ ካሴት ከ10 እስከ 12 ዘፈን በሁለት ገጽ ይይዛል። የማይወዱትን ዘፈን ለመዝለል ወደፊት ማጠንጠን፣ ማቆም፣ መሞከር፣ ካለፈም መመለስ ይጠይቃል። ያ ሁሉ ባትሪ ይበላል፤ ለዚህም ነው ካሴቱን አውጥቶ የእስክሪብቶ ጀርባ ጥርሱ ውስጥ ሰክቶ በእጅ ማጠንጠን የተለመደው። ውጤቱ ምን ሆነ? ሰው ያልወደደውንም ዘፈን አብሮ 50 ጊዜ ሰማው፤ በ50ኛው ወደደው። የሁለተኛውን ገጽ ሦስተኛ ዘፈን ከነግጥሙ በቃሉ የያዘ ትውልድ የተፈጠረው በዚህ ነው። እንደ ይልማ ገብረአብ እና አበበ መለሰ ያሉ የግጥምና የዜማ ሰዎች ሥራ በሕዝብ አፍ ውስጥ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው መደጋገም ነው።

አሁን 40 ዓመት ገደማ የሆናቸው በሲዲና በኤፍኤም መካከል ያደጉ ናቸው። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992፣ ሸገር 102.1 በ2000 ሥርጭት ጀመሩ። የቴዲ አፍሮ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1993 ነው። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ አድማጭ ዛሬ 40ን ይዟል፤ ብዙዎች ግን ቴዲን አሁንም «የወጣቶች ዘፋኝ» ብለው ይቆጥሩታል። የዛሬ የ18 ዓመት ልጅ ቴዲን የሚሰማው የ40 ዓመቱ ሰው ነዋይን ይሰማ በነበረበት ጆሮ ነው፤ የቤት ዘፈን፣ የታላቅ ዘፈን አድርጎ።

የ20 ዓመቱ ወጣት ጋ ስንደርስ አልበም የሚባለው ነገር ራሱ ሳስቷል። ዘፈን ለየብቻው ይወጣል፤ የሚሰማው በስልክ፣ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ነው። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን «ተደመጠ» ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው። የ45 ሰከንድ የሳክስፎን መግቢያ ያለው ዘፈን በዚህ ገበያ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት አድማጩን ያጣል። አዝማቹ ወደ ፊት መጣ፣ መግቢያው አጠረ፣ ዘፈኑም አጠረ። በሌላ በኩል ይህ ወጣት ወላጆቹ ያላገኙትን አግኝቷል። ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን፣ የናይጄሪያውን አፍሮቢትስ፣ የደቡብ አፍሪካውን አማፒያኖ በአንድ ምሽት ይሰማል። ሮፍናን ኑሪ በ2010 የባህል ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሕዶ ባወጣው አልበም በወጣቱ ዘንድ የተወደደው ለዚህ ጆሮ ስለሠራ ነው።

ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ነው። ጆሮው ገና በመቃኘት ላይ ያለው ሰው ከተቃኘው ይበልጣል ማለት ነው። ገበያው ወደ ወጣቱ ማዘንበሉ የሙዚቃ ሰዎች ንቀት ሳይሆን ቁጥሩ ያመጣው ነው።

«ቃሉ አይሰማኝም»

ትልልቆች ስለ አዲሱ ዘፈን ከሚያነሱት ቅሬታ አንዱ ምርጫን ሳይሆን አካልን የሚመለከት ነው። ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) ድረስ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ከላይኛው ጫፍ መቀነስ ይጀምራል፤ በመካከለኛ ዕድሜ ብዙ ሰው ከ12,000 እስከ 14,000 በላይ ያለው አይሰማውም፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ጉድለቱ ወደ ንግግር ክልል ይወርዳል። ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ጠ፣ ጨ የሚለዩት በዚያ በላይኛው ክልል ባለ ድምፅ ነው። ቃል የሚለየው በእነሱ ነውና እነሱ ሲደበዝዙ ዜማው ይሰማል፣ ግጥሙ ይጠፋል።

በድሮው ቅጂ የዘፋኙ ድምፅ ከባንዱ ፊት ወጥቶ ይቀረጽ ነበር። ዛሬ ባሱና ከበሮው ገንነው ድምፁ በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ከዚያም የሙዚቃው ዝቅታና ከፍታ ተጨምቆ ሁሉም አንድ ዓይነት ጉልበት ይይዛል። ለ20 ዓመቱ ጆሮ ይህ ሞቅ ያለ ነው። ለ65 ዓመቱ ደግሞ ባሱ ድምፁን ይሸፍነዋል። ሰምና ወርቅ እየፈታ ያደገ አድማጭ ግጥሙ ካልተሰማው ዘፈኑ ባዶ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አዲስ ዘፈን ለትልቅ ሰው ሲሰማ በስልኩ ወይም በቴፑ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ) ባሱን ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) መቀነስ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ነው። በስልኩ በራሱ ድምፅ ማውጫ ማሰማት አይመከርም፤ ታችኛው ድምፅ ይቆረጥና የቀረው ይሰነጥቃል። 1 ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ትሻላለች። ብዙ ሰው ድምፁን ብቻ ይጨምራል፤ ያኔ ባሱም አብሮ ስለሚጨምር ቃሉ እንደተሸፈነ ይቀራል።

ወጣቱም ጆሮውን መጠበቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 90 ከደረሰ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ምን ይለወጣል?

ጆሮ በ24 ዓመት ይቃኛል ማለት ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አሪያል ቦንቪል-ሩሲ እና ባልደረቦቿ ከ250,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ መርምረው፣ በጉርምስና ኃይለኛና ጩኸት ያለው ሙዚቃ እንደሚገን፣ በወጣትነት አዲስና የሚያስጨፍር እንዲሁም ለስለስ ያለ ሙዚቃ እንደሚከተል፣ በመካከለኛ ዕድሜ ደግሞ በአንድ ወገን ረቀቅ ያለ፣ በሌላ ወገን ያልተወሳሰበና ስሜትን የሚነካ ሙዚቃ ቦታ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ሙዚቃ በሰው ሕይወት ውስጥ ያለው ክብደትም ከወጣትነት ወደ ጉልምስና ሲሄድ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ሰው አይጠፋም።

በኛ ዘንድ ይህ ጉዞ የራሱ መልክ አለው። ብዙ ሰው ከ35 ዓመት በኋላ ከዘፈን ወደ መዝሙር ወይም ወደ ነሺዳ ያመዝናል፤ ከጭፈራ ወደ ትዝታ ይመለሳል። በተለይ በገና ልብ ሊባል ይገባል። 10 ጅማት ያለው፣ ጅማቱ መቀመጫው ላይ እንዚራ በሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች እየተነካ የሚነዝር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገር መሣሪያ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ከፍቶ አይሰማውም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በብዙ ኦርቶዶክስ ቤት ዘፈን ይዘጋል፤ ከሬዲዮውም ከጎረቤትም የሚሰማው በገና ነው። ልጁ በየዓመቱ ሳይፈልገውም ይሰማዋል። 40 ዓመት ሲሞላው በገና ፈልጎ ሲከፍት አዲስ ነገር እየተማረ አይደለም፤ በልጅነቱ የገባው ነው የሚወጣው። ምንም ዓይነት የባህል ፕሮግራም ይህን ያህል በተከታታይ አላስተማረም።

የወላጅ ዘፈን በልጅ ጆሮ

እ.ኤ.አ. በ2013 ካሮል ክረምሃንስል እና ጀስቲን ዙፕኒክ 20 ዓመት አካባቢ የሆኑ 62 አሜሪካውያን ተማሪዎችን እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 2009 በነበሩ ገናና ዘፈኖች ፈተኗቸው። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ዘመን ዘፈን እንደሚወዱ የታወቀ ነው። ያልተጠበቀው ሌላ ጉብታ መገኘቱ ነበር፤ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ዘፈኖች ከፍ ብለው ታዩ፤ ከዚያም ወደ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሌላ ጉብታ ነበር። ቤት ውስጥ የሚከፈት ዘፈን ልጁ ባያስተውለውም ይቀመጣል ማለት ነው።

ለዚህ በእኛው ዘር ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ዘ ዊክንድ በሚል ስም የሚታወቀው አቤል ተስፋዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ተወልዶ በአማርኛ ተናጋሪ ቤት አደገ፤ የአስቴር አወቀን፣ የሙላቱ አስታጥቄን፣ የማሕሙድ አሕመድን ሙዚቃ እየሰማ ማደጉን ራሱ ተናግሯል። እስራኤል የተወለደችው አስቴር ራዳም በአልበሟ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በራሷ መንገድ ተጫውታዋለች። ሁለቱም ይህን ሙዚቃ ያገኙት በወላጆቻቸው ወይም በአያቶቻቸው ትውልድ ጆሮ በኩል ነው።

ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን «የአገራችሁን ዘፈን ስሙ» ብለው ሲያስገድዱ አይሳካላቸውም። የሚሠራው ልጁ ሌላ ነገር እያደረገ በቤቱ ውስጥ መሰማቱ ነው፤ ቡና ሲፈላ፣ በመኪና ወደ ትምህርት ቤት ሲኬድ፣ ቅዳሜ ቤት ሲጸዳ። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ ታክሲ ይሠራል። ሚኒባስ ውስጥ ዘፈን የሚመርጠው ሾፌሩ ነው፤ ተማሪው ደግሞ በቀን ሁለቴ ይሳፈራል፤ መዝለያም የለውም።

የተገላቢጦሹም ይሆናል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ብቻውን የሠራው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ከዓለም ዙሪያ አዳዲስ ወጣት አድማጮች አገኘ። ያኔ «ባንድ ጠፍቶ ማሽን መጣ» እየተባለ የሚወቀሰው ድምፅ ዛሬ ራሱ የናፍቆት ድምፅ ሆኗል። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ ምትም እንዲሁ ይሆናል።

ሦስት ትውልድ ባለበት ሠርግ

የትውልዱ ልዩነት ገንዘብ ተከፍሎበት የሚፈተነው ሠርግ ላይ ነው። አብዛኛው ዲጄ የሚሳሳተው በዘፈን ምርጫ ብቻ ሳይሆን በቅደም ተከተልና በድምፅ ልክ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ ይሠራ። የእንግዶቹን ዕድሜ በሦስት መድቦ፣ ለእያንዳንዱ የልደት ዓመት ላይ 14 እና 24 መደመር ነው። በ2018 የ70 ዓመት ሰው ከ1962 እስከ 1972፣ የ50 ዓመቱ ከ1982 እስከ 1992፣ የ35 ዓመቱ ከ1997 እስከ 2007 ያለውን ይፈልጋል። ለ35 ዓመቱ ጎሳዬ ተስፋዬና እዮብ መኮንን ከሌሉበት ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው። ሙሽሮቹ 27 ዓመታቸው ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ የ27 ዓመት ሰው ዘፈን ማጫወት የተለመደ ጥፋት ነው።

ምግብ ላይ ሰው እርስ በርስ ያወራል። የሰው ንግግር በ1 ሜትር ርቀት ወደ 60 ዴሲቤል ነውና ሙዚቃው ከ65 መብለጥ የለበትም። ጭፈራው ሲጀመር ለእያንዳንዱ ትውልድ ከ4 እስከ 5 ዘፈን፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሰጥቶ ማለፍ ነው። አንዱ ቡድን ለ1 ሰዓት ከተያዘ ሌላው ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይነሳም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ጉራጊኛን የሚያህል ድልድይ የለም፤ አያትም የልጅ ልጅም ያውቁታል። በከበሮና በጭብጨባ የሚዜመው የሠርግ ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ ማንም ከሸክላ ወይም ከስልክ ስላልተማረው ዕድሜ አይለይም። ሌላው ዘዴ ቅኝትን መከተል ነው። በትዝታ ቅኝት ካለ የ1960ዎቹ ዘፈን በዚያው ቅኝት ወዳለ አዲስ ዘፈን ሲታለፍ ጆሮ አይደናገጥም። ከአንቺሆዬ በቀጥታ ወደ ባቲ መዝለል ግን ምቱ ቢገጥም እንኳ ይጎረብጣል።

አሁን ብዙዎች ወደማያዩት ነገር እንምጣ። ከሸክላ ወይም ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ከዛሬው ቅጂ ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ዩቲዩብ ጩኸት የበዛበትን ይቀንሳል እንጂ ዝቅ ያለውን አያነሳም። ዲጄው የአማፒያኖውን ዘፈን አጫውቶ በዚያው ልክ የጥላሁንን ሲለቅ ድምፁ በድንገት ይሰልላል፤ ሰው ይቀመጣል፤ «የድሮ ዘፈን አያስጨፍርም» ይባላል። የተቀነሰው ግን ድምፁ እንጂ ዘፈኑ አይደለም። ከፌደሩ (ከተንሸራታቹ የድምፅ መቆጣጠሪያ) በፊት ባለው የጌይን ቁልፍ (የገቢው ድምፅ ማስተካከያ) እያንዳንዱን የቆየ ዘፈን ቀድሞ በማዳመጫ አመጣጥኖ፣ መለኪያው ቀይ ሳይነካ ማስቀመጥ ይገባል። ከ250 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ጥቂት መቀነስ የቆየ ቅጂ ላይ ያለውን ድፍንፍን ድምፅ ያጠራዋል። መግቢያውንም አለመቁረጥ ነው፤ ትልልቆቹ ከመቀመጫቸው የሚነሱት በዚያ ጡሩምባ ነው።

የትልልቆቹ ጠረጴዛ ከሰብዉፈሩ (ባሱን ከሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይራቅ፤ አዳራሹ ማዕዘን ላይም አይሁን፤ ባስ ማዕዘን ውስጥ ይጠራቀማል። ስፒከሮቹ ከሰው ራስ በላይ፣ 2 ሜትር ገደማ ላይ ቢሰቀሉ የፊተኛው ጠረጴዛ ሳይደነቁር የኋለኛው ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመዝናኛ ሥፍራ ያስቀመጠው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ሠርግ ከ95 በታች መቆየት ይሻላል።

የቤቱን ካሴት ማዳን

የወላጅ ዘፈን ወደ ልጅ የሚደርሰው ቤት ውስጥ ከተሰማ ነው። የብዙ ቤተሰብ ሙዚቃ ግን ያለው ከአልጋ ሥር በካርቶን በታሸገ ካሴት ውስጥ ነው፤ ካሴቱም እያረጀ ነው። ከእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ዩቲዩብ ላይ የሌሉ ብዙ አሉ፤ ስለዚህ መገልበጡ ለነገ መባል የለበትም።

በክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካለ ማጫወቻ ውስጥ አይገባም፤ ሌላውንም ይበክላል። የማጫወቻው ማንበቢያና የጎማ ሮለር 90 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ይጸዳል። ካሴቱ አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይጠነጠናል፤ ለዓመታት የተጣበቀው ክር ሳይላቀቅ ከተጫወተ ይንቀጠቀጣል ወይም ይበጠሳል። ከክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ የስፖንጅ መጫኛ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ከሌላ አሮጌ ካሴት ወስዶ መተካት ይቻላል። ከማንበቢያው አጠገብ ያለችውን ብሎን በቀስታ እያዞሩ የጸናጽሉ ድምፅ ጥርት የሚልበት ላይ ማቆም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ዶልቢ የሚለው (የክሩን ሹክሹክታ መቀነሻ) ይጥፋ፤ ከሰው ቤት የተባዙ ካሴቶች አብዛኞቹ ያለ እሱ የተቀዱ ናቸው።

ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በዋቭ (ሳይጨመቅ በሚቀመጥ የድምፅ ፋይል) ይሁን፤ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ላይ ይቁም። የክሩን ሹክሹክታ ማጽዳት የሚፈለግ ከሆነ በግልባጩ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሠራም፤ አብሮ የሚጠፋው የዘፋኙ ትንፋሽ አይመለስም። በፋይሉ ስም ላይ የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ ባለቤት፣ ያጀበው ባንድ፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤትና ዓመቱ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ያለው በካሴቱ ሽፋን ላይ ነው፤ ሽፋኑም በሁለቱም ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ። አንዱ ቅጂ ቤት፣ ሌላው ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን።